ዱቄቱ ያልፋል፣ ዘሩ ይጠየቃል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ገናንና ጥምቀትን አገር ቤት ያሳለፈው ሁሉ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂኒያ የሚመለስበት ሰሞን ነው። ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ጥሬ ቡናው። ከሥር ደግሞ በደብተር ወረቀት ተጠቅልላ ካልሲ ውስጥ የገባች ነገር አትጠፋም፤ እናት ወይም አክስት በመጨረሻው ሰዓት የሰጠችው የበርበሬ ዘር። «ማረቆ ነው፤ እዚያ ዝሩት፤ የዚያ አገር ቃሪያ ምን ጣዕም አለው» ተብሎ የተሰጠ።

የዛሬው የጓሮ አትክልት ዝግጅታችን ስለዚያች ጥቅልል ነው። ከሻንጣው ሁሉ ትንሿ እሷ ናት፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ብዙ ጥያቄ የምታስነሳው ግን እሷው ናት። ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። «አምስት ኪሎ በርበሬ አልፎልኝ፣ ከአንድ ማንኪያ የማትበልጥ ዘር ለምን ትያዝብኛለች?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አለው።

በአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ ሕግ የደረቀ ቅመም በአብዛኛው ይገባል። ተደልዞ፣ ተቀምሞ፣ ተፈጭቶ የመጣ በርበሬ ከዚያ ውስጥ ነው። ጥሬ ቡናም ሥጋው እስካልተጣበቀበት ድረስ ይገባል፤ ቡና አብቃይ ወደሆኑት ወደ ሃዋይና ወደ ፖርቶ ሪኮ ካልሆነ በቀር። ዱቄት አይበቅልም፤ ዘር ግን ይበቅላል። የሚበቅል ነገር ደግሞ ይዞት የመጣውን በሽታ አብሮ ያበቅላል። ሕጉ ዓይኑን የጣለው እዚህ ላይ ነው። መብላትና መትከል በሕግ ዓይን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለመብላት የተፈቀደ ሁሉ ለመትከል አልተፈቀደም። ዛላውን በርበሬ እንዳለ ይዞ መጥቶ እዚህ ዘሩን ማራገፍም መፍትሔ አይደለም፤ ዘሩ በዛላ ውስጥ ሆኖ ሲመጣ እንዲያውም ለመመርመር የባሰ ያስቸግራል።

እስቲ በሽታውን እንየው፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እሱ ነውና። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ2014 መጸው ላይ በእስራኤል የግሪንሃውስ ቲማቲሞች ላይ እንግዳ የሆነ ምልክት ታየ። ቅጠሉ ዥንጉርጉር ሆነ፣ ጠበበ፤ ፍሬው ላይ ቢጫና ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ፣ ቆዳውም ተጨማደደ። በ2015 በዮርዳኖስም ተገኘ፤ ተመራማሪዎች አጥንተው አዲስ ቫይረስ መሆኑን አረጋገጡና ቲማቲም ብራውን ሩጎዝ ፍሩት ቫይረስ የሚል ስም አወጡለት። ስሙ የቲማቲም ይሁን እንጂ በርበሬንና ቃሪያንም ያጠቃል። በ2018 በካሊፎርኒያ አንድ ግሪንሃውስ ውስጥ ተገኝቶ ተወገደ።

ይህ ቫይረስ የሚያስፈራበት ምክንያት የሚጓዝበት መንገድ ነው። ብዙ የዕፅዋት ቫይረሶች ከተክል ወደ ተክል ለመሻገር ክሽክሽ ወይም ሌላ ነፍሳት ይፈልጋሉ። ይኼኛው ግን መነካካት ይበቃዋል። በእጅ፣ በመቀስ፣ በሸሚዝ እጅጌ፣ ችግኝ በተደገፈበት እንጨት፣ በማሰሮ ጠርዝ ይተላለፋል። በደረቀ ቅጠልና በዕቃ ላይም ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። የትምባሆ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ትምባሆ ያጨሱ ሰዎች እጃቸውን ሳይታጠቡ ችግኝ እንዳይነኩ የጥንት አትክልተኞች ይመክሩ የነበረው በዚያ ዘመዱ ምክንያት ነው።

ዘርን በተመለከተ ቫይረሱ በአብዛኛው የሚቀመጠው በዘሩ ሽፋን ላይ ነው። ከተበከለ ዘር ሁሉ የታመመ ችግኝ አይወጣም፤ የሚታመመው ጥቂቱ ነው። ጥቂቱ ግን ይበቃል። አንዱ ችግኝ ከታመመ የቀረውን በገዛ እጃችን እናዳርሰዋለን፤ ስንኮተኩት፣ ስንደግፍ፣ ስንለቅም። ዘሩን በዓይን አይቶ ማወቅ ደግሞ አይቻልም። የታመመው ዘር እንደ ጤነኛው ወርቅማ፣ ጠፍጣፋና ያማረ ነው። «እናቴ ራሷ ለቅማ ያደረቀችው ንጹሕ ዘር ነው» የሚለው ቃል የእናትን ንጽሕና ይመሰክራል እንጂ ስለ ቫይረሱ የሚለው ነገር የለም።

በዚህ ምክንያት የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የዕፅዋትና የእንስሳት ጤና ክፍል፣ እዚህ ሰው «ኤፊስ» እያለ የሚጠራው፣ በኅዳር 2019 የፌዴራል ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙ ከየትኛውም አገር የሚገባ የቲማቲምና የበርበሬ ዘር ከቫይረሱ ነጻ መሆኑ እንዲመሰከርለት የሚጠይቅ ነበር። ያን ጊዜ በርበሬና ቲማቲም ከሌላው የጓሮ ዘር ተለይተው ወጡ። ሰላጣ፣ ጎመን፣ ጥቁር አዝሙድ ስለማስመጣት ከጎረቤት የሰማችሁት ምክር ለበርበሬ ላይሠራ የሚችለውም ለዚህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ወረቀቶቹ እንግባ። ከውጭ ለሚመጣ የሚተከል ዘር ዋናው ሰነድ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ነው፤ በእንግሊዝኛው አጠራር ፊቶሳኒታሪ ሰርተፊኬት። ይህን የሚሰጠው ዘሩ የሚወጣበት አገር መንግሥት ነው። ሻጭ ወይም ዘመድ አይጽፈውም፤ አሜሪካም አትሰጠውም። ከኢትዮጵያ ከሆነ ይህ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥራ ነው። በ2019ኙ ትእዛዝ ለበርበሬ ዘር ምስክር ወረቀቱ ላይ ተጨማሪ ቃል እንዲሰፍር ተጠይቋል፤ ዘሩ ቫይረሱ ከሌለበት ቦታ የመጣ መሆኑን ወይም ናሙናው በላቦራቶሪ ተመርምሮ ነጻ ሆኖ መገኘቱን የሚገልጽ።

ይህ ምርመራ ለትንሽ ሰው እንዴት ያለ ጣጣ እንደሆነ ልንገራችሁ። ላቦራቶሪው ዘሩን በመነጽር አይቶ አይመልሰውም፤ ፈጭቶ፣ በጥብጦ ነው የሚመረምረው። የተመረመረው ዘር አይዘራም። በኩንታል ለሚነግድ የዘር ኩባንያ ጥቂት ሺህ ፍሬ ለምርመራ መስጠት ምንም አይደለም። ሃምሳ ፍሬ ለያዘ የጓሮ አትክልተኛ ግን ተመርምሮ የሚተርፈው ወረቀቱ ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ ሕጉን ሳነብ የሚታየኝ ይህ ነው፤ የተጻፈው ትልቁን ነጋዴ በዓይነ ኅሊና ይዞ ነው፣ ክብደቱ ግን ትንሹ ላይ ያርፋል። ያም ሆኖ ቫይረሱ ትልቅና ትንሽ አይለይምና ሕጉን ከንቱ ልለው አልችልም።

ለትንሹ ሰው የታሰበ አንድ መንገድ ግን አለ። የጥቂት ዘር ፈቃድ ይባላል፤ የቅጹ ቁጥር 587 ነው። ይህን ፈቃድ የያዘ ሰው ለብዙ ዓይነት ዘር የጤና ምስክር ወረቀት ሳያስፈልገው ጥቂት ዘር ማስገባት ይችላል። ክፍያ የለውም፤ ማመልከቻውም በኢንተርኔት ይሞላል። ሁኔታዎቹ ጥብቅ ናቸው። በአንድ እሽግ አንድ ዓይነት ዘር ብቻ፤ መጠኑ እስከ 50 ፍሬ ወይም እስከ 10 ግራም። በአንድ ጭነት ከ50 እሽግ አይበልጥም። አፈር፣ የዛላ ስብርባሪ፣ ቅጠል፣ ነፍሳት አይኖርበትም። በፀረ ተባይ የታሸ ወይም በማንኛውም ነገር የተለበጠ ዘር አይፈቀድም። እሽጉ እንዳይፈስ ሆኖ ይዘጋል። በላዩም የላኪው ወይም የሰብሳቢው ስም፣ የመጣበት አገርና የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ይጻፋል። ለበርበሬ፣ ለቃሪያና ለሚጥሚጣ የጋራው ሳይንሳዊ ስም ካፕሲከም ነው። «የማረቆ በርበሬ» ብቻ ተብሎ በአማርኛ የተጻፈ እሽግ መርማሪው ፊት ስም እንደሌለው ነው የሚቆጠረው።

ፈቃዱን ያገኘ ሰው ዘሩን በቀጥታ ወደ ቤቱ አያስልክም። ከፈቃዱ ጋር አረንጓዴና ቢጫ መለያ ይሰጠዋል፤ ይህን ለላኪው ይልካል፣ ላኪው ፖስታው ላይ ይለጥፈዋል። መለያው ፖስታውን ወደ ግብርና መሥሪያ ቤቱ የዕፅዋት ምርመራ ጣቢያ ይመራዋል። እዚያ ተከፍቶ፣ ታይቶ፣ ካለፈ ወደ ባለቤቱ ይላካል። የፈቃዱ ቅጂም ፖስታው ውስጥ መኖር አለበት።

እንግዲህ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ማመልከቻውን ስትሞሉ «የአትክልት ዘር» ብላችሁ በደፈናው አትለፉት። ካፕሲከም ብላችሁ፣ ከኢትዮጵያ ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ከ2019 ትእዛዝ ወዲህ «ጥቂት ነው» የሚለው ነገር ብቻውን በርበሬን አያሳልፍም። ስለ ቫይረሱ የወጡት መመሪያዎች በየጊዜው ይሻሻላሉ፤ እናንተን የሚገዛው ፈቃዱ በእጃችሁ ሲገባ በላዩ የሰፈረው ሁኔታ ነው። ፈቃዱ ለበርበሬ የጤና ምስክር ወረቀት ከጠየቀ መጠየቁ ነው። ጓደኛችሁ ባለፈው ዓመት ለጎመን ዘር ያገኘው ፈቃድ ለእናንተ በርበሬ ማስረጃ አይሆንም። ዘሩ ከመላኩ በፊት የፈቃድ ክፍሉን በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱንም አትማችሁ ያዙ። በቃል የተነገረ ነገር ፍተሻው ጋ አይረዳም።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ አሜሪካ በር ነው። ብዙዎቻችን የምንረሳው ግን ዘሩ የሚወጣበትም በር እንዳለ ነው። ኢትዮጵያ በ2006 አዋጅ ቁጥር 482 የሚባል ሕግ አውጥታለች። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀም የሚደነግግ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ለዘርነት የሚውል የአገሪቱን የዕፅዋት ሀብት ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ ማውጣት አይቻልም፤ ጉዳዩን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ለቀጥታ ምግብነት የሚሸጥ ምርት በዚህ አይነካም። ስለዚህ እዚያም ቢሆን የተደለዘው በርበሬ በነጻ ይወጣል፣ ዘሩ ይጠየቃል።

«በርበሬ እኮ የአሜሪካ ተክል ነው» የሚል አድማጭ ይኖራል። ልክ ነው። በርበሬ ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት ከአሜሪካ ምድር ውጭ አልነበረም፤ ወደ እኛ አገር ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በፖርቱጋሎች በኩል እንደገባ ይታመናል። ያን ጊዜ ምን ፈቃድ፣ ምን ምርመራ! ግን ከገባ በኋላ በማረቆ፣ በሀላባ፣ በስልጤ፣ በምዕራብ ጎጃም ያለ ገበሬ በመቶ ለሚቆጠሩ ዓመታት እየመረጠ ዘርቶታል። ደማቅ ቀይ ሆኖ የሚደርቀውን፣ ቆዳው ወፍራም የሆነውን፣ የሚያቃጥለው በልኩ የሆነውን አስቀርቶ ሌላውን በላው። ማረቆ ፋና የሚባለው የታወቀ ዝርያ ከዚህ ምርጫ የወጣ ነው። አዋጁ ሊጠብቅ የፈለገው ይህን ልፋት ነው።

ጥርጣሬው ደግሞ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የጤፍን ነገር ታስታውሱ ይሆናል። በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ አጠቃቀም ላይ ተስማምታ ነበር። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አወጣ፤ ለባለቤቶቹ ይደርሳል የተባለው ጥቅም ግን ከስም አላለፈም። በኋላ ነገሩ ሄግ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2018 መጨረሻ ፓተንቱ በኔዘርላንድ ውድቅ ተደረገ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ አገር ዘር ሲወጣ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አክስታችሁ የሰጠቻችሁ አንድ ጭብጥ ዘር ጤፍን የሚያህል ጉዳይ አይደለም፤ ይሁንና አዋጁ መጠን እየለየ አልተጻፈም።

አውሮፓ ላላችሁ አድማጮቻችን ነገሩ አጭር ነው። ከታኅሣሥ 14 ቀን 2019 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በመንገደኛ ሻንጣ የሚገባ የሚተከል ዘር ሁሉ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ያለ ወረቀት የሚገቡት አምስት የሚበሉ ፍሬዎች፣ አናናስ፣ ኮኮናት፣ ዱሪያን፣ ሙዝና ተምር ብቻ ናቸው። ለራሴ ጓሮ ነው ማለት አያድንም።

ታዲያ ዘሩን አሁን በሻንጣው ይዞ በመንገድ ላይ ያለ ሰው ምን ያድርግ? ዲክሌር ያድርግ። በቅጹም ይሁን በቃል ስትጠየቁ «ዘር ይዣለሁ» በሉ። የግብርና መርማሪው ወረቀት ከሌለው ዘሩን ይወስደዋል፤ ታዝናላችሁ፣ ትሄዳላችሁ፤ ሳይደብቁ ያስታወቁትን አስረክቦ መሄድ ቅጣት የለውም። ደብቆ የተገኘ ግን የመጀመሪያ ጥፋቱም ቢሆን፣ ለንግድ ባይሆንም፣ እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። የፈጣን መግቢያ ካርድ ያላችሁ ካርዱንም ልታጡ ትችላላችሁ። ለአንድ ማንኪያ ዘር ይህ ሁሉ አያዋጣም።

ሌላም አለ። በኢንተርኔት ከውጭ አገር ሻጭ ዘር የሚያዝ ሰው ፖስታው ቤቱ ስለደረሰ ብቻ ሕጋዊ ይመስለዋል። በ2020 ክረምት በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሰዎች ያላዘዙት፣ አብዛኛው የቻይና ምልክት ያለበት የዘር እሽግ በፖስታ ደርሷቸው ነበር። አንዳንዱ ላይ ጌጣጌጥ ነው ተብሎ ተጽፎበታል። ግብርና መሥሪያ ቤቱ «አትዝሩት፣ አትጣሉት፣ አስረክቡ» ብሎ አወጀ። ፖስታ ቤት አሳልፎ ማድረሱ ፈቃድ አይደለም፤ ወደ አገር የሚያስገባው ተጠያቂ ደግሞ ተቀባዩ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲህ ማረቆ በርበሬ እዚህ መብላት ቀረ» የሚል ካለ፣ አልቀረም። የኔ ምክር ለአብዛኛው ሰው ይህ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ያለውን ዘር ፈልጉ። በኢትዮጵያ ስም የሚታወቁ የበርበሬ ዓይነቶችን፣ ሲበስል ቡናማ የሚሆነውን ጭምር፣ የሚሸጡ ትናንሽ የዘር ቤቶች እዚሁ አሉ። በማኅበር፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግቢ ብትጠይቁም በርበሬ እየዘራ ዘር የሚያስቀር ሰው አታጡም። ፈቃዱ የሚያስፈልገው ለድንበሩ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ለወዳጅ አንድ ቁንጥር ዘር ለመስጠት ያን ሁሉ ቅጽ የሚጠይቃችሁ የለም።

አንድ ጊዜ ጥሩ ዘር ካገኛችሁ ደግሞ በየዓመቱ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ቤት ውስጥ የምትዘሩት ከመጨረሻው ውርጭ ስምንት ሳምንት ያህል ቀደም ብላችሁ ነው፤ ለዚህ አካባቢ የካቲት መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። በርበሬ ሙቀት ካላገኘ አይበቅልም፤ ማሞቂያ አጠገብ አድርጉት። ለዘር የምታስቀሩትን ተክል ከሌላ ቃሪያ አርቁ፤ ንብ ከጎረቤት ጣፋጭ ቃሪያ የአበባ ዱቄት አምጥታ ካዳቀለችው የሚቀጥለው ዓመት በርበሬ ማረቆ መሆኑ ይቀራል። ማራቅ ካልቻላችሁ አበባው ሳይፈነዳ ቅርንጫፉን በስስ ነጠላ ጨርቅ ሸፍኑና ፍሬ ሲቋጥር ምልክት አስሩበት። ለዘር የሚሆነው ሙሉ በሙሉ የቀላው ፍሬ ነው፤ አረንጓዴው አይሆንም። ፈልፍላችሁ፣ በጥላ አድርቃችሁ፣ በወረቀት ከረጢት አድርጉና ዓይነቱንና ዓመቱን ጻፉበት።

ችግኞቹ ሲያድጉ ቅጠላቸው ዥንጉርጉር ወይም የተጨማደደ ሆኖ ካያችሁ ያንን ተክል አትነካኩት፤ ዘሩንም ለማንም አትስጡ። ፎቶ አንስታችሁ ወደ ግዛታችሁ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮ ላኩ፤ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም አላቸው። እነሱ እስኪመልሱ ድረስ ውኃ ስታጠጡ ያንን ተክል የመጨረሻ አድርጉት፤ ከዚያም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

(ሙዚቃ ከፍ ይላል)